የሚስተር ዌንደል ብሎኖች

ቤተ ክርስቲያናችን መጥታችሁ «ዘውዴን አገናኙን» ብትሉ «የትኛውን ዘውዴ?» ትባላላችሁ። «ዘውዴ ላሚኔት» ካላችሁ ግን ከቄሱ እስከ ሕፃኑ ጣቱን ወደ እኔ ይቀስራል። የክርስትና ወረቀት በሉ፣ የጋብቻ ወረቀት በሉ፣ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል በሉ፣ ሁሉንም በላስቲክ የማሽግላቸው እኔ ነኝ። አንዲት ሴትዮ የእናቷን የድልህ አሠራር ሳይቀር አምጥታ አሽጌላታለሁ። ማሽኑን ሰዎች ግቢያቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡበት ከያርድ ሴል በአሥራ ሁለት ዶላር ነው የገዛሁት፤ ዛሬም ይሠራል።

አመሉ ዝም ብሎ አልመጣም። በፈረንጆቹ 1984 ገዳሪፍ ስደተኛ ሳለሁ፣ አሜሪካ ሊያሻግረኝ የነበረው ወረቀት ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ዝናብ መታው። ስሜም ቁጥሬም ቀልጦ ሰማያዊ ውሃ ሆነ። በዚያች አንዲት ዝናብ ሰበብ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሱዳን ተጨማሪ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ በላስቲክ ያልታሸገ ወረቀት እኔ ዘንድ ወረቀት አይደለም።

ይህ አመሌ ያደረሰውን ጥፋት፣ ጥፋቱንም አይተው ሃያ አራት ዓመት የሸፈኑልኝን ሰው ነው የማወራችሁ። ነገሩን ያወቅሁት ሰውየው ሊሞቱ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነበር። ሳላመሰግናቸው እንዳይሞቱብኝ ስል የሆንሁትን እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

ሚስተር ዌንደል ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ከቤታችን አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሰላል ላይ ወጥተው የካዚኖዎቹን የኒዮን መብራት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮ ትልቅ ሰው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእጅ ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። በ1996 መስከረም ግን ባለቤታቸው ሞቱ። ሬሳው ከወጣ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ባለቤቴ ጽጌወይን በመስኮት ሁለት ቀን አየችና በሦስተኛው ቀን፣ «ሰውየው ብቻውን ነው እንዴ የሚያለቅሰው? ይሄ ነውር ነው» አለችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ሰው ጠርተን፣ አሥራ ሰባት ሆነን፣ ነጠላ ለብሰን፣ ንፍሮና ምስር ይዘን በሩን አንኳኳን። ሚስተር ዌንደል ከፍተው አዩንና፣ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስታችኋል መሰለኝ» አሉ። እኔም በዚያ ጊዜ እንግሊዝኛዬ፣ «አልተሳሳትንም፣ ልንቀመጥ ነው የመጣነው» አልኋቸው። ገብተን ተቀመጥን። ወንበር ስላልበቃ ምንጣፉ ላይ ጭምር ተቀመጥን። ማንም ብዙ አላወራም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውየው መሐላችን ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሦስት ቀን እንዲሁ ተመላለስን።

ለአርባው ጽጌወይን ዳቦ ጋግራ ስትልክላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እኔን አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ካርድ ተቀምጣለች። ዱላ ትከሻው ላይ ያደረገ፣ ፈገግ ያለ ጎረምሳ ሥዕል አለባት፤ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ቤዝቦል ማለት፣ ላላያችሁት፣ አንድ ሰው ቆሞ ሌላ ሰው ሲቆም የሚያይበት ጨዋታ ነው። ሚስተር ዌንደል ካርዷን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከማስቲካ ጋር አግኝተዋት፣ ከዚያን ጊዜ ጀምረው በንጽሕና አስቀምጠዋታል።

«የኔ ሴት ልጅ አትፈልጋትም» አሉኝ። «ለአንተ ልጅ ትሁን። ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት አቆያት። አትሽጣት። በደንብ ጠብቃት።»

በደንብ ጠብቃት! ይህንንማ ለማን ነገሩት? በዚያው ምሽት ማሽኔን አሞቅሁና ጎረምሳውን ከነፈገግታው ጥርቅም አድርጌ አሸግሁት። አንዲት የአየር ጠብታ አልቀረችም። በማግስቱ ጠዋት ሮጬ ሄጄ አሳየኋቸው።

ሚስተር ዌንደል ካርዷን ተቀብለው አገላበጧት። ጆሯቸው ቀላ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ቀጥለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «ዘውዴ፣ ይሄን ልጅ ከእንግዲህ ማንም አይጎዳውም» አሉኝ። እኔ ተመሰገንሁ ብዬ ደረቴ ተነፋ። «ሌላም ካለዎት ያምጡ፣ በነፃ ነው!» አልኋቸው። «አይ፣ አይ፣ ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» አሉ በጥድፊያ።

የዚያን ዓመት በፈረንጅ ገና ሌላ ካርድ ይዘው መጡ። ይቺኛዋ እንደ መስታወት በጠራ ወፍራም ፕላስቲክ መሐል ገብታለች፤ አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ብሎን ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ያለ ካቻቢቴ አይከፈትም። በቀጣዩም ገና እንደዚያው፤ በሦስተኛውም እንደዚያው። በየዓመቱ አንድ ካርድ፣ በየካርዱ አራት ብሎን። እውነቱን ልናገርና በሆዴ ቅር ይለኝ ነበር። ሰው ስጦታ ሰጥቶ ይቆልፋል? አላመኑኝም ማለት ነው እያልሁ ለጽጌወይን አማርራለሁ። «አንተ ደግሞ የተሰጠህን አመስግነህ ተቀበል» ትለኛለች። ካርዶቹን የጫማ ካርቶን ውስጥ እየወረወርሁ አልጋ ሥር አስቀመጥኋቸው። ያቺን ያሸግኋትን ግን ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት እዞር ነበር፤ ሆቴል አብረውኝ ሻንጣ ለሚጎትቱት ለቤልማን ጓደኞቼ አወጣና አሳያለሁ።

በ2019 ሚስተር ዌንደል ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ጆሯቸውም ደነቆረ። ኦሃዮ ያለችው ልጃቸው ቤቱን ሸጣ ሲልቬራዶ ራንች አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባቻቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ አያቸው ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ። ካዚኖዎቹ ተዘጉ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሻንጣ የጎተትሁበት ሆቴል በሁለት መስመር ደብዳቤ አሰናበተኝ። ደብዳቤውን አሽጌዋለሁ። መጦሪያውም ጠያቂ አናስገባም አለ።

የፈረንጆቹ ክረምት፣ ብርዱ ሲገባ ልጄ አርያም አንድ ቀን ስልኳን እያየች ከክፍሏ ሮጣ ወጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ እንደ አቅሚቲ ነው።

«ዳዲ፣ ያ ሹ ቦክስ የት ነው ያለው? የቤዝቦሉ! ሰዎች ክሬዚ ሆነዋል። ሁሉም ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ኦልድ ካርድ እየገዛ ነው።»

«የትኛው እብድ ነው ካርቶን የሚገዛ?»

«ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ቼክ እናድርግ።»

እያላገጥሁ ቆየሁ እንጂ ልቤ ግን ተነሥቶ ነበር። ሥራ የለም፤ ጽጌወይን ብቻዋን በሳምንት ሦስት ቀን እየሠራች ነው። በየካቲት 2021 አርያም እየነዳች አርትስ ዲስትሪክት ወዳለ አንድ የካርድ ሱቅ ሄድን። ባለሱቋ ክንዷ ሙሉ ንቅሳት የሆነ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ናት። ጓንት አጥልቃ፣ ጨርቅ አንጥፋ፣ ሃያ ሦስቱን ካርዶች አንድ በአንድ በማጉያ አየቻቸው። ባየች ቁጥር ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«እነዚህን የመረጠው ማን ነው?» አለች።

«ጎረቤቴ ናቸው፤ ኒዮን ሠራተኛ የነበሩ።»

«ሥራውን ያውቁታል። በየዓመቱ ሰው የሚጮኽለትን ካርድ ትተው ሰው ያላየውን ነው የገዙት። ጠርዙ ያልተነካ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ አልነኩትም። እዚህ ሥራ ላይ ትርፍ የሚመጣው ከመግዛትና ከመሸጥ አይደለም። ካለመንካት ነው።»

ቀጥላም መከረችኝ። የዘንድሮው ዋጋ ትኩሳት ነው፣ ይወርዳል አለች። አዲሶቹ ካርዶች እንደ ጎርፍ መጥተው እንደ ጎርፍ ይሄዳሉ፤ እነዚህ ግን ሃያ ዓመት ቀስ ብለው ያደጉ ስለሆኑ ቢቀንሱም አይጠፉም። «አምስቱን ሽጥ፣ የቀሩትን ለልጅህ ተዋቸው» አለች። የአምስቱን ዋጋ ወረቀት ላይ ጽፋ ስታሳየኝ ወንበር ጠየቅሁ። ሥራ እስኪገኝ ድረስ ቤታችንን በሰላም የሚያኖር ነው። አርያም ትከሻዬን ይዛ ታለቅሳለች።

እኔ ግን ገና ምን አይታችሁ እያልሁ ነበር። ዋናውን ለመጨረሻ አቆይቼው ነዋ! ቦርሳዬን ከፈትሁና ጎረምሳውን በሁለት እጄ አቀረብሁላት።

ሴትዮዋ አየችው። ማጉያውን አነሣች፣ አስቀመጠች። ጓንቷን አወለቀች።

«ይህን ያደረገብህ ማን ነው?» አለች በሐዘኔታ።

«እኔ ነኝ!» አልሁ እየኮራሁ።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ አልሰማሁም። ሙቀቱ ሙጫውን ከወረቀቱ ጋር አዋህዶታል፤ አይላቀቅም፤ ማንም ሰብሳቢ አይነካውም። እንደተሰጠኝ ትቼው ቢሆን ኖሮ ሃያ ሦስቱ አንድ ላይ ተደምረው አይደርሱበትም ነበር። አሁን መታሰቢያ ነው አለች። መታሰቢያ ብላ መለሰችልኝ።

መኪና ውስጥ ስገባ ደሜ ፈላ። ማንን እንደ ሰደብሁ ልንገራችሁና ታፍሩብኛላችሁ፤ ሚስተር ዌንደልን። «ያን ቀን አይተዋል! ጆሯቸው የቀላው ለዚህ ነው! አንዲት ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት? ሃያ አራት ዓመት ሞኝ አድርገውኝ! እኔ እንደ ጅል ለሰው እያሳየሁ!» እያልሁ ዳሽቦርዱን ደበደብሁ።

አርያም ሞተሩን አላስነሣችም። የጫማ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ የአንዱን ካርድ ብሎን በጥፍሯ ትነካካለች።

«ዳዲ፣ ነግሮሃል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ኤቭሪ ክሪስማስ ነግሮሃል። ፎር ብሎን።»

እጄን ከዳሽቦርዱ አነሣሁ። ልጄ የተናገረችው ገባኝ። ሰውየው የሕይወታቸውን ውድ ዕቃ በእጄ ሲበላሽ ዓይናቸው እያየ፣ የእኔን ፊት አዩ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ አዩ፤ ያን ደስታ ሊወስዱብኝ አልፈለጉም። ግን ሞኝም አልነበሩም። ሌላ ካርድ ፈልገው ገዙ፣ ከላሚኔቴ የሚያድነው ሳጥን ፈልገው ገዙ፣ አራቱን ብሎን በካቻቢቴያቸው አጠበቁ። ያጠፋሁትን ካርድ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለው መልሰው ሞሉልኝ። ቆለፉብኝ እያልሁ ያማኋቸው የተቆለፈልኝን ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል ይህን።

እዚያው ሆኜ መጦሪያው ደወልሁ። እዚያ ነርስ ረዳት ሆና የምትሠራ አስካል የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አለች፤ በዲቪ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው።

«ጋሽ ዘውዴ፣ እኔም ልደውልልዎት ነበር» አለችኝ። «ባለፈው ወር ኮሮና ይዟቸው ነበር፤ ተርፈዋል፣ ግን ሳንባቸው ተጎድቷል። ዶክተሩ ሦስት አራት ቀን ነው ያለው። ምግብ እምቢ ብለዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚተኙት፣ ሲጠሯቸውም አይሰሙም።»

«ልምጣ፣ አስካልዬ። አንዲት ደቂቃ።»

«ማንንም አያስገቡም። ልጃቸውም ከኦሃዮ መምጣት አልቻለችም። መስኮታቸው ግን ግራውንድ ፍሎር ነው፣ በውጭ በኩል መቆም ይችላሉ።»

«ደብዳቤ ብጽፍስ?»

«ወረቀት ሲመጣ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ሩል ነው። የሚገባው መድኃኒት ተረጭቶበት የሚጠረግ ዕቃ ብቻ ነው። አበባ የለ፣ ምግብ የለ፣ ወረቀት የለ።»

ሦስት ቀን። ገዳሪፍ ትዝ አለችኝ። ወረቀት ዕድሜ ልኩን ጠላቴ ነው ማለት ነው። ደግሞ ደነቆሩ፣ በስልክ አላወራቸው፤ ፊታቸውን አዙረዋል፣ በመስኮት አያዩኝ። ዝቅ ስል እጄ ውስጥ ያለውን አየሁ። ያ የተበላሸው ጎረምሳ ፈገግ ብሎ ያየኛል።

«አስካል» አልሁ፣ «ላሚኔት የሆነ ነገር ይገባል?»

ስልኩ ውስጥ ሳቀች። «እርስዎ መቼም! ጥርግ ከተደረገ ይገባል።»

ሲልቬራዶ ራንች እስክንደርስ አርያምን «ንጂ፣ ንጂ» እያልሁ አሰቃየኋት። በር ላይ አስካል እስከ ዓይኗ ተሸፍና ወጣች። በካርዱ ጀርባ በማርከር «አመሰግናለሁ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር፤ መድኃኒቱን ስትረጭበት ቀለሙ ለቀቀና ጨርቁ ላይ ቀረ። ጎረምሳው ግን ምንም አልሆነም፤ ውሃው ከዳክዬ ጀርባ እንደሚወርድ ተንሸራቶ ወረደ። በፕላስቲካቸው መገጣጠሚያ ውሃ ስለሚገባ፣ ከሃያ ሦስቱ አንዳቸውም ይህን ችለው አያልፉም ነበር።

በሕንፃው ጎን ዞሬ መስኮቱ ጋ ቆምሁ። ሚስተር ዌንደል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተኝተዋል። ያ ረጅም ሰው ብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ሆነዋል። አስካል ገባች፣ አልጋው አጠገብ በርከክ አለችና ካርዱን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ቀጥሎ አውራ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። የላስቲኩን ጠርዝ ዳሰሰ፣ ማዕዘኑ ጋ ደረሰ፣ ታጠፈ፣ ሌላውን ማዕዘን ዳሰሰ። አራቱንም ዞረ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደነገጥሁ፤ መጨረሻቸው መሰለኝ። አስካል ቀና ብላ አየችኝና በእጇ አይደለም አለች። እየሳቁ ነበር።

ፊታቸውን አዞሩ። አዩኝ።

ምን ልበል? ብጮህ አይሰሙ። እጄን ወደ መስታወቱ አነሣሁና በጣቶቼ ካቻቢቴ እንደያዘ ሰው በላይኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ አንድ ብሎን ፈታሁ። ከዚያ በግራው። ከዚያ ከታች፣ ከታች። አራት። ከዚያ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ወገቤ እስኪታጠፍ እጅ ነሣሁ። ቀና ስል እንባዬ ማስኬን አርሶታል።

ሚስተር ዌንደል እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። አራት ጣት አነሡ። ትልቁ ጆሯቸው ቀልቷል። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አስካል ጎንበስ ብላ ሰማችና በስልኬ ደወለችልኝ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ‹በመጨረሻ ገባው ወይ?› ይላሉ።»

«ገባው በያቸው። ዘግይቶም ቢሆን ገባው በያቸው።»

ጮክ ብላ ነገረቻቸው። እንደገና አንድ ነገር አሉ።

«‹ዝናብ ሳይመታው አድርሰኸዋል› ይላሉ።»

የገዳሪፉን ታሪክ አንድ ጊዜ ነው የነገርኋቸው፤ ያኔ ከልቅሶው በኋላ ባሉት ዓመታት፣ አጥር ተደግፈን። አልረሱትም ነበር።

ሦስት አራት ቀን የተባሉት ሰው አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሩ። አስካል እንደነገረችኝ ሾርባም መቅመስ ጀምረው ነበር፤ ካርዱን ከፒጃማቸው ኪስ አላወጡትም፤ ጠዋት ጠዋት እሷ መድኃኒት እየረጨች ትጠርገዋለች። ቀብር ላይ አሥር ሰው ነበር የተፈቀደው። ከኦሃዮ የመጣችው ልጃቸው ቦታውን ለእኛ ለጎረቤቶቹ አካፈለችን። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያረፈችበት ሞቴል ጓሮ ወንበር ዘርግተን፣ ተራርቀን፣ ንፍሮ ይዘን ተቀመጥንላት። ቤት ተሳስታችኋል አላለችም።

ሬሳ ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ካርዱን ይዛ ወደ እኔ መጥታ ነበር። «አባቴ እጁ ላይ ይዞት ነው የሞተው። ያንተ ነው፤ ውሰደው» አለችኝ። ተመልሶ ከእሳቸው ጋር ይሁን አልኋት።

«መሬት ውስጥ ይበላሻል እኮ» አለች።

«አይበላሽም» አልኋት። «ጠርዙን እኔ ነኝ ያሸግሁት። ውሃ አያስገባም።»